የወረዳው ግዥና የወረዳው ነጋዴ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የንፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ከተሞች ተዘዋውሮ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ከወረዳው አስተዳደር ግቢ ጥቂት አለፍ ብሎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ የልብስ ስፌት ቤት ይገኛል። ያም ሆኖ ወደ ግቢው የሚገባው ወረቀት፣ ወንበርና የደንብ ልብስ ብዙውን ጊዜ ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው። የከተማው አናጺ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሌላ ከተማ ጠረጴዛ ሲራገፍ ይመለከታል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምላሽ የአካባቢው ነጋዴ አቅም የለውም የሚል ነው። ምላሹ በከፊል እውነትነት አለው። ይሁንና ጉዳዩን በቅርበት ለተመለከተ፣ ከአቅም እኩል ሚና ያለው ሌላ ምክንያት መኖሩ አይሰወርም፤ ይኸውም የመንግሥት ግዥ የሚመራበትን ሥርዓት አለማወቅና ሥርዓቱ ራሱ ለአነስተኛ ሻጭ የሚከፍተውን በር በሚገባ አለመክፈቱ ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ከእነዚህ አካባቢዎች የሚበዙት በዝናብ እጥረትና በመሬት መራቆት ሳቢያ ለምግብ እጥረት ተጋላጭ ሆነው የቆዩና በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነዋሪዎቻቸውን የደገፈባቸው ናቸው። ትላልቅ ፋብሪካዎችና ሰፋፊ የግል ድርጅቶች በሌሉበት አካባቢ የማያቋርጥ ትልቅ ገዥ መንግሥት ብቻ ነው።

ወረዳው ራሱን የቻለ ገዥ የሆነው ከ1995 በጀት ዓመት ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልልና በሌሎች ሦስት ክልሎች በጥቅል ድጎማ በጀት ላይ የተመሠረተ የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ተግባራዊ ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በዞንና በክልል ይወሰን የነበረው ወጪ ወደ ወረዳ ወረደ። እርግጥ ነው፣ ከወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ነው። ቀሪው ሥራ ማስኬጃና ካፒታል በጀት ግን በዋነኛነት ግዥ ነው፤ የጽሕፈትና የጽዳት ዕቃ፣ የሠራተኛ ደንብ ልብስ፣ የመኪና ጎማና መለዋወጫ፣ የቢሮ ፈርኒቸር፣ የተማሪ መቀመጫ፣ የሕንፃ መሣሪያ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ የመኪና ጥገና አገልግሎት። የየጽሕፈት ቤቱን ፍላጎት አሰባስቦ በአንድነት የሚገዛው የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የግዥ ክፍል ነው።

መንግሥት ከባለሙያ ሥራ መግዛቱ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ የውጭና የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተሰኘውን መድፍ ማሠራታቸው የታወቀ ነው። የያኔው ግዥ ጨረታ አልነበረውም፤ ውሉም የንጉሡ ቃል ነበር። የዛሬው ግን በሕግ የታሰረ ነው።

በፌዴራል ደረጃ ዘመናዊው የግዥ ሕግ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 430 ነው። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ተተክቶ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ሲሠራበት ከቆየ በኋላ ቦታውን ለአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ለቋል። የአማራ ክልልም በዚሁ አቅጣጫ የተቃኘ የራሱ የግዥና ንብረት አስተዳደር ሕግ ያለው ሲሆን፣ ወረዳዎች የሚገዙት በዚሁ በክልሉ ሕግና መመሪያ ነው። የሕጎቹ መሠረት አንድ ነው፤ ለገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማስገኘት፣ ግልጽነት፣ ያለ አድልኦ ማወዳደርና ተጠያቂነት። የግዥ ዘዴዎቹም በመሠረቱ ተመሳሳይ ናቸው። መደበኛው ግልጽ ጨረታ ሲሆን፣ ውስን ጨረታ፣ በዋጋ ማቅረቢያ ወይም ነጋዴው በተለምዶ ፕሮፎርማ በሚለው የሚፈጸም ግዥና ቀጥታ ግዥ በልዩ ሁኔታ የሚፈቀዱ ናቸው። የትኛው ዘዴ እስከ ስንት ብር ለሚደርስ ግዥ እንደሚያገለግል በመመሪያ የሚወሰን ሲሆን ጣሪያውም በየጊዜው ይሻሻላል።

ለመንግሥት ለመሸጥ የሚሻ የከተማ ነጋዴ በቅድሚያ ሊያነበው የሚገባው አዋጁን ሳይሆን የጨረታ ማስታወቂያውን ነው። በአማራ ክልል የወረዳዎች ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚወጣው ባሕር ዳር በሚታተመው በበኩር ጋዜጣ ነው፤ ከዚህም ሌላ በየጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ማስታወቂያዎቹን ለዓመታት ያነበበ ሰው አንዱ ከሌላው የተቀዳ እስኪመስለው ድረስ ይመሳሰሉበታል። በዘርፉ የታደሰ ሕጋዊ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የዘመኑን ግብር የተከፈለበት ማስረጃ፣ እንደ ግዥው መጠን የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ዋጋ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፊርማና ማኅተም፣ የታሸገ ፖስታ፣ በጨረታ ሳጥን ማስገባት። ከዚያም በተባለው ቀንና ሰዓት ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል።

እነዚህ ቃላት ለለመዳቸው ተራ ነገር ናቸው። ላለመዳቸው ግን እያንዳንዳቸው ወጥመድ ናቸው።

ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በተከናወነ የጨረታ መክፈቻ ላይ ተገኝቶ ነበር። ከተጫራቾቹ መካከል በከተማው የታወቁ አንድ አዛውንት አናጺ ይገኙ ነበር። የሳቸው ፖስታ ሲከፈት የተነበበው ዋጋ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ሆኖም ከዋጋ ዝርዝሩ ሁለተኛው ገጽ ላይ ማኅተም አልነበረም፤ በአንድ ረድፍ ላይም ቁጥር ተሰርዞ ከላዩ ሌላ ተጽፏል፤ ከጎኑም ፊርማ የለም። ኮሚቴው ሰነዱን ውድቅ አደረገ። አናጺው ምክንያቱ ሲነገራቸው አልተከራከሩም፤ ማኅተሙ ኪሳቸው ውስጥ እንደነበር ግን አውጥተው አሳዩ። ኮሚቴው በሕግ ተሳስቷል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የሰውየው ጥፋት የሥራ ጥፋት አልነበረም። ሰነዱን ከመሸጥ ጋር የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ወረዳው ጠረጴዛውን በቅናሽ፣ አናጺውም ሥራቸውን ባገኙ ነበር።

ከቅርጹ ወደ ገንዘቡ ስናልፍ ችግሩ ይከብዳል። የጨረታ ማስከበሪያ በወረዳ ጨረታዎች በአብዛኛው የሚጫረቱበትን ዋጋ 1 ወይም 2 በመቶ ሲሆን፣ በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ትእዛዝ (ሲፒኦ)፣ በባንክ ዋስትና ወይም በጥሬ ገንዘብ ይያዛል። አሸናፊው ደግሞ ውል ሲፈርም የውሉን ዋጋ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ያስይዛል። ለምሳሌ ያህል 400 ሺህ ብር የሚያወጣ የተማሪ መቀመጫ ለማቅረብ የሚወዳደር የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ማስከበሪያው 2 በመቶ ቢሆን ለመወዳደር ብቻ 8 ሺህ ብር ያስይዛል። ካሸነፈ 40 ሺህ ብር ይታሰርበታል። ከዚያም ላሜራውን፣ ቱቦላሬውን፣ እንጨቱንና ቀለሙን ከራሱ ኪስ ይገዛል፣ ዕቃውን ሠርቶ ያስረክባል፣ ጥራቱ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል፣ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ይቀነስበታል። ገንዘቡን እስኪያገኝ ድረስ መንግሥትን የሚያበድረው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሕጉ ይህንን አላየም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሥር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ዘርፍ የተደራጁ ተቋማት የጨረታ ሰነድ ያለ ክፍያ እንዲወስዱ፣ በጨረታና በውል ማስከበሪያ ምትክ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ የፈቀደ ሲሆን፣ በዋጋ ውድድርም የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት ሰጥቷቸው ነበር። የቅድሚያ ክፍያም ከውሉ ዋጋ እስከ 30 በመቶ ድረስ ሊሰጥ ይችላል። በክልሎችም ለተደራጁ ኢንተርፕራይዞች ተመሳሳይ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የዋስትና ደብዳቤው ተጠቃሚ የሚሆነው የተደራጀው ኢንተርፕራይዝ ብቻ መሆኑ ነው። በግሉ ፈቃድ አውጥቶ ለሃያ ዓመታት የሠራ አናጺ ትናንት ተደራጅቶ መዝገብ ላይ የሰፈረ ማኅበር የሚያገኘውን ደብዳቤ አያገኝም። የተደራጁትም ቢሆኑ ደብዳቤውን የሚጽፈው ጽሕፈት ቤት ኢንተርፕራይዙ ውሉን ባይፈጽም ተጠያቂ የሚሆነው እሱ ነውና እጁ የሚያጥርበት ጊዜ አለ።

የባንክ አገልግሎቱ ቢሆን ከቀድሞው ተሻሽሏል። በክልሉ ገጠርና ከተማ ለረጅም ዓመታት ሲያበድር የቆየው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ብድርና ቁጠባ ተቋም የማይሰጣቸውን አንዳንድ የባንክ አገልግሎቶች ባንክ መስጠቱ ለአነስተኛ ተጫራች ጠቃሚ ነው። ሆኖም ውልን እንደ መያዣ ወስዶ የሥራ ማስኬጃ ብድር የመስጠት ልማድ ገና አልጎለበተም፤ ባንኩ የሚጠይቀው ቤትና መኪና ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይም ለብቻው የሚነሳ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 285 መሠረት የመመዝገብ ግዴታ የነበረበት ዓመታዊ ሽያጩ 500 ሺህ ብር የሚደርስ ነጋዴ ነበር። በወረዳ ጨረታዎች ግን ለበርካታ ዓመታት የግዥው ዋጋ ከ200 ሺህ ብር በላይ ከሆነ የታክሱ ተመዝጋቢነት ማስረጃ ሲጠየቅ ቆይቷል። በመሆኑም ሽያጩ ለምዝገባ የማያደርሰው የአርብ ገበያ ወይም የወገዳ ባለሱቅ ለአንድ ጨረታ ሲል በየወሩ ሒሳብ የማሳወቅ ግዴታ ውስጥ ይግባ ወይስ ይተው የሚል ምርጫ ይገጥመዋል። የሚበዙት ይተዋሉ።

ከሁሉም በላይ የአካባቢውን ነጋዴ ከውድድር የሚያስወጣው ግን ሎት ነው። ሎት ማለት በአንድ ጨረታ ውስጥ ዕቃዎች የሚመደቡበት ጥቅል ሲሆን፣ አሸናፊው የሚለየው በጥቅሉ ጠቅላላ ድምር ነው። ሎት አንድ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሎት ሁለት የጽዳት ዕቃ፣ ሎት ሦስት ኤሌክትሮኒክስ፣ ሎት አራት የደንብ ልብስ እየተባለ ይቀጥላል። ተጫራች በአንድ ሎት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ለአንዱ ዋጋ ሳይሞላ ከቀረ ከዚያ ሎት ይወጣል። በጽሕፈት መሣሪያ ሎት ውስጥ ስልሳና ሰባ ዓይነት ዕቃ ሊኖር ይችላል። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ክላሰር፣ አጀንዳ፣ የማኅተም ቀለም ማንኛውም የወረዳ ከተማ መደብር አለው። ከመካከላቸው ግን የአንድ የተወሰነ ዓይነት ማተሚያ መሣሪያ ቶነር አለ፤ እሱ የሚገኘው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። ስልሳውን በእጁ የያዘ ነጋዴ በሦስት ዕቃ ምክንያት ይወድቃል። በደንብ ልብስም እንዲሁ ነው፤ ሸሚዝና ሱሪ መስፋት የሚችል ልብስ ሰፊ በዚያው ሎት ውስጥ ቆዳ ጫማና ጃንጥላ ስላለበት ሳይወዳደር ይቀራል።

የግዥ ባለሙያዎች ይህ ሲነሳ ግዥን መከፋፈል በሕግ የተከለከለ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተከለከለው ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የሚከለክለው አንድን ግዥ በትንንሹ ቆራርሶ ከግልጽ ጨረታ ጣሪያ በታች በማድረግ በፕሮፎርማ ወይም በቀጥታ መግዛትን ነው። ጨረታው ግልጽ ሆኖ፣ ማስታወቂያው ለሁሉም ወጥቶ፣ በውስጡ ያሉትን ሎቶች እንደ ዕቃው ባሕርይ ማሳነስ ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ቶነርና የኮምፒውተር ቁሳቁስ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሎት ቢሄድ፣ ጫማ ከልብስ ቢለይ፣ የተማሪ መቀመጫ በሦስት ሎት ተከፍሎ ተጫራች በሚችለው ልክ ቢወዳደር የሚጣስ ሕግ የለም። ለግዥ ክፍሉ ሥራው ይበዛበታል፤ አንድ ውል የነበረው አራት ይሆናል፣ አንድ መኪና ያመጣው የነበረውን አራት ሰው ያመጣዋል። የባለሙያ እጥረት ላለበት ወረዳ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ለማንኛውም ክርክሩ የሕግ ሳይሆን የድካም መሆኑ ቢታወቅ መልካም ነው።

የፕሮፎርማ ግዥ በአንጻሩ ለአካባቢው ነጋዴ የቀረበ ነው። መጠኑ አነስተኛ ነው፣ ማስከበሪያ አይጠየቅበትም፣ ዋጋ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ከዚያው ከተማ ነው። ለመንግሥት መሸጥ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መግቢያ ይህ ይመስላል። ሆኖም እዚህም የቆየ በሽታ አለ። ቢያንስ ሦስት ተወዳዳሪ ዋጋ እንዲሰበሰብ የተደነገገው ውድድር እንዲኖር ነው። ሦስቱ ፕሮፎርማ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ፣ ማኅተሙ ብቻ ከሦስት ሱቅ የመጣ የሚሆንበት አጋጣሚ በኦዲት ሪፖርቶችም በከተማ ወሬም የተለመደ ነው። ማኅተሙን ለጓደኛው ያዋሰ ነጋዴ ዛሬ ለሱ፣ ነገ ለኔ ብሎ ያስባል። በሕግ ፊት ግን የተጫራቾች መመሳጠር ነው፤ ከመንግሥት ግዥ ከመታገድ እስከ ወንጀል ክስ ያደርሳል።

ዋጋ ሲሞላ ደግሞ የነገን ዋጋ ማሰብ ያስፈልጋል። የአጭር ጊዜ የዕቃ አቅርቦት ውል ዋጋው የጸና ነው፤ ገበያው ቢወጣ ሻጩ ይሸከመዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በፍጥነት ሲለወጥ፣ ቀደም ብለው ዋጋ ሞልተው የነበሩ አቅራቢዎች ከኪሳራና ማስከበሪያን ከማጣት አንዱን ለመምረጥ የተገደዱበት ሁኔታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃው ተጫራች ሥጋቱን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ወረዳውም የሚገዛው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የነጋዴውን ሥጋት ጭምር ይሆናል። ጨረታው ከወጣበት እስከ ውል የሚፈረምበት ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ይህ ሥጋት ይቀንሳል።

በዚህ አካባቢ ሥጋቱ የዋጋ ብቻም አልነበረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንት ሲደርስ በንፋስ መውጫና አካባቢው የመንግሥትና የጤና ተቋማት ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል፤ የነጋዴውም እንዲሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግርም መንገድ የተዘጋባቸው፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ የንፋስ መውጫ መጋዘን ይራቆታል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ለምትገኘው ወገዳ ደግሞ ይብሳል። ውል ፈርሞ ማቅረብ ያልቻለ ሻጭ ማወቅ የሚገባው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 እና ተከታዩ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታን የተረጎመ መሆኑን ነው። ምክንያቱ ግን በራሱ አይናገርም። መንገድ መዘጋቱን ገዥው መሥሪያ ቤትም እያየ ቢሆን፣ ሻጩ በጊዜው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ማስረጃ ማያያዝና የማራዘሚያ ደብዳቤ መቀበል ይኖርበታል። በቃል ተነጋግረን ነበር የሚለው መከራከሪያ ከጉዳት ካሳ አያድንም።

ከወረዳው ከፍ ያሉ ገዥዎችም በአቅራቢያው አሉ። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን መመገብ ያለበት ትልቅ ማዕድ ነው፤ ጤፍ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ፣ ማገዶ ይፈልጋል። የጉና ተራራ ተዳፋት ድንችና ገብስ አምራች ነው። አምራቹና ማዕዱ የሚተያዩ ያህል ቅርብ ናቸው። ይሁንና ገበሬው የንግድ ፈቃድ የለውም፣ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ በመካከል ነጋዴ ይቆማል። በመካከሉ ሊቆም የሚገባው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ብዙ ገበሬን አሰባስቦ የሚፈለገውን መጠን ያሟላል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለትልቅ ገዥ መሸጥ እንደሚችሉ በክልሉ ታይቷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከአነስተኛ ገበሬዎች ለመግዛት ባካሄደው መርሐ ግብር በባሕር ዳር የሚገኘውን መርከብ ዩኒየን ጨምሮ የገበሬ ዩኒየኖች በቆሎ ሸጠዋል። ገዥው መንግሥት ባይሆንም ትምህርቱ ለመንግሥት ግዥ በቀጥታ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገበያ ዋጋ ከውሉ በላይ ሲወጣ አባላት እህላቸውን ለጎረቤት ነጋዴ እየሸጡ ዩኒየኖች ውል ማክበር አቅቷቸው ነበር። በኋላ ላይ ውሉ ከመኸር በፊት እንዲፈረም፣ ዩኒየኖቹም ውሉን ለባንክ አሳይተው ብድር እንዲያገኙና ለገበሬው በወቅቱ እንዲከፍሉ ተደረገ። ገበሬው የማይጠብቀው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ክፍያ የሚዘገይበትን ማኅበርም አይጠብቅም።

ለአነስተኛ ሻጭ ተብሎ የተቀረጸ ግዥ በአገራችን ሌላም ምሳሌ አለው። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በርና መስኮት፣ ብሎኬትና ፕሪካስት ከተደራጁ ወጣቶች ተገዝቷል፤ የኮብልስቶን ንጣፍም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ደግሞ ምግብ የማዘጋጀቱን አገልግሎት ለተደራጁ እናቶች በተማሪ ቁጥር ልክ በሚከፈል ሒሳብ ሰጥቷል። የጎረቤታችን ኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከግዥው 30 በመቶውን ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የንግድ ድርጅቶች ለይቷል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራል የትምህርት ቤት ምገባ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ ገበሬዎች እንዲገዛበት ደንግጋለች። ልዩነቱ እነዚህ አገሮች መቶኛውን በሕግ መጻፋቸው ነው፤ በእኛ ዘንድ አብዛኛው ለአስፈጻሚው በጎ ፈቃድ የተተወ ነው።

ወደፊት የሚጠብቀው ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ገብቷል። በዚህ ሥርዓት ነጋዴው አንድ ጊዜ ይመዘገባል፣ ማስታወቂያውን በኢንተርኔት ያያል፣ ሰነዱን ሳይጓዝ ያስገባል። የመካነ ኢየሱስ ነጋዴ ለዩኒቨርሲቲ ጨረታ ደብረ ታቦር መመላለስ አይጠበቅበትም፤ ማኅተም የሌለው ሁለተኛ ገጽም ጠረጴዛ አያስቀርም። በሌላ በኩል ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ጨረታው የሚዘጋ ከሆነ ያ ነጋዴ የለም ማለት ነው። የአዲስ አበባ አስመጪም ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ ከእሱ ጋር ይወዳደራል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ዕቃ ገቢ የሚሆነው በጥራት አረጋጋጭ ታይቶ በሞዴል 19 ሲመዘገብ ነው። ይህ ወረቀት ሳይቆረጥ ክፍያ የለም። ዕቃውን ዘበኛው ተቀብሎኛል ብሎ የሚሄድ ሻጭ ዕቃውን አልሸጠም። በሰኔ የሚያስረክብ ደግሞ ሞዴሉን በእጁ ሳይዝ ከግቢው ባይወጣ ይመረጣል፤ በጀቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋልና፣ ከዚያ በኋላ የቀረበ ጥያቄ ለአዲሱ በጀት ዓመት ያልታቀደ ዕዳ ሆኖ ሊንከባለል ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቅሬታ ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001 የተዘረጋው ሥርዓት፣ በጨረታው ሒደት ተበደልኩ የሚል ተጫራች በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ኃላፊውም በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወስን፣ ያልረካው ወደ ቅሬታ አጣሪ ቦርድ እንዲሄድ ያደረገ ነበር። ለወረዳ ጨረታ የሚሠራው የክልሉ ሕግ ስለሆነ ተጫራቹ ቀነ ገደቡን ከጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል። በወረዳ ከተማ ግን ቀኑን ከማወቅ የሚከብድ ነገር አለ። የግዥ ኮሚቴው አባል ጎረቤት ነው፣ የልጅ መምህር ነው፣ በአንድ ዕድር የሚያገናኝ ሰው ነው። በሱ ላይ ደብዳቤ መጻፍ ጠብ መፈለግ ሆኖ ስለሚታይ ብዙዎች ዝም ይላሉ። አንዳንዶች ከወር በኋላ ለዞን ወይም ለክልል አቤት ይላሉ፤ በዚያን ጊዜ ውሉ ተፈርሟል፣ ዕቃውም ተራግፏል።